የባርዝሊ አጥንቶች ከመደርደሪያቸው አይወርዱም

እስቲ አንዴ ዝም በሉልኝ! ሚስተር ባርዝሊ፣ እርስዎም በሩን በሩን አይዩ፤ ዛሬ መሸኛዎ ነው፤ ማምለጥ የለም።

እኚህ ሰው ከማንችስተር ባቡር ወርደው ትምህርት ቤታችን የገቡ ዕለት አንድ ከረጢት አጥንት ተሸክመው ነበር። ወጥ ቤት አስቀመጡት። ወጥ ሠሪያችን ሚሲስ ፒጎት ሥጋ ሻጩ የላከው መስሏት ቀቀለችው። ሁላችንም ሾርባውን ጭልጥ አደረግነው፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ቄስ ሃላም እንዲያውም አስጨምረዋል። ኋላ ባርዝሊ እየሮጡ መጡና «ፈረሴን ያየ አለ?» አሉ።

አሁን ትስቃላችሁ፤ ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

ከድስቱ የተረፈው የእግር አጥንት ይኸው ክፍላቸው ባለው ባለ ቁልፍ መደርደሪያ ላይ፣ ድንጋይ ከሆነው ከጥንቱ ባለ ሦስት ጣት ፈረስ እግር ጎን ተቀምጧል። የዚህ ከተማ ልጅ ፍጥረት እንደሚለወጥ የተማረው ከዚያ ነው።

የጠዋቱ ጸሎትስ! ባርዝሊ የማስጸለይ ተራቸው ሲደርስ ይቆማሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ይቀመጣሉ።

«እግዚአብሔር የለም ነው የምትለው?» አሏቸው ቄስ ሃላም።

«እሱንም አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩት።»

«አስተማሪ አላውቅም ይላል እንዴ?»

«ታዲያ ማን ይበል?»

ወይ ድርቅና! እኔም በሆዴ እስቅባቸው ነበር። ልጄ ኤልሲ በጉሮሮ በሽታ ስትሞትብኝ ግን ሳቄ ቀረ። ያገኘኝ ሁሉ የት እንደሄደች ነገረኝ። ሚስተር ባርዝሊ፣ እርስዎን ስጠይቅዎ ግን «አላውቅም፣ ወንድሜ» ብለው አብረውኝ አለቀሱ። ያን ለቅሶዎን አልረሳውም። እግዜር ይስጥልኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ክፍሉን የምረከበው እኔ ነኝ። ትናንት ቄስ ሃላም ጠርተውኝ፣ «አጥንቶቹ ምድር ቤት ይውረዱ፤ ትምህርቱም ከአዳም ይጀምር። አለዚያ ሌላ ሰው እንቀጥራለን» አሉኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

አሰብኩበት። ቄስ ሃላም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ልንገርዎ፤ አጥንቶቹ ንቅንቅ አይሉም! ከፈለጉ ያባርሩኝ። ልጅ የማላውቀውን ሲጠይቀኝ አላውቅም እለዋለሁ፤ የማውቀውን ሲጠይቀኝ ደግሞ መደርደሪያውን እከፍትለታለሁ።

በሉ፣ ቢራችሁን አንሱ! ሚስተር ባርዝሊ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ሰጪው ማን ነው ብለው ዛሬ እንኳ እንዳይከራከሩኝ። ለጤናዎ!

አሁን የመደርደሪያውን ቁልፍ ወዲህ ይበሉ።