ለመልሱ ማክሰኞ እመጣለሁ

በኛ ዘመን... እየጻፍሽ ነው? ጻፊ እንግዲህ። ያንቺን ካቨር ሌተር ከመላክሽ በፊት የኔን ስሚ፣ ጓደኞችሽም ያንብቡት። በኛ ዘመን ሥራ የሚገባው በሰው ነበር። አንዱ ጎረቤት "እዚያ ሆቴል ሰው ይፈልጋሉ" ይልሻል፣ ይዞሽ ይሄዳል፣ "ይቺ ልጅ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ እጇ አመል የለበትም" ይላል፣ በቃ፣ በነጋታው ሽርጥ ታጥቀሽ ቆመሻል። እኔ ካዛንቺስ እዚያ ሆቴል ላውንደሪ የገባሁት እንደዛ ነው። ሲቪ የለ፣ ምን የለ።

ታዲያ አንሶላ ሳጥብ፣ ሸሚዝ ስተኩስ ኖሬ ኖሬ ሆቴሉ ተዘጋ። አንቺ ያኔ ሐዋሳ ትምህርት ላይ ነበርሽ። እና አባትሽ ከደብረ ብርሃን ደወለ። ወንድሜን ታውቂው የለ፣ ደግ ነው፣ ግን ደግነቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። "እታለም፣ በቃ ደክመሻል፣ ቤቱን ልቀቂና እኛ ጋ ነይ፣ ልጆቹን እያየሽ ትቀመጫለሽ" አለኝ። ትቀመጫለሽ። እኔ መቀመጥ መቼ አውቃለሁ? ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ግን የራሴን በር በራሴ ቁልፍ ከፍቼ መግባት ለምጃለሁ። ሥራ ካላገኘሁ ግን መሄዴ ነው፣ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ዘይነባ፣ ግድግዳ የምንጋራት ዘይነባ፣ እየሮጠች መጣች። "ባምቢስ ጋ አዲስ ሆቴል ተከፍቷል፣ የላውንደሪ ኃላፊ ይፈልጋሉ፣ በሩ ላይ ለጥፈዋል" አለችኝ። ሄጄ አነበብኩ። ሲቪ ይላል፣ እሺ። ካቨር ሌተር ይላል። "ዘይነባ፣ ካቨር ሌተር ደግሞ ምንድን ነው?" አልኳት። "ማመልከቻ ነዋ፣ ሱፍ ለብሶ" አለችኝ።

ማመልከቻ ከሆነማ ጋሽ ደጀኔ አለ። አታስታውሺውም? ያ ቀበሌው በር ላይ ታይፕራይተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማመልከቻ ይጽፍ የነበረው ሽማግሌ። አሁን ቤቱ ነው የሚውለው፣ ግን ብዕሩ አለ። ሄድኩ፣ ጻፈልኝ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ አነበበልኝ። "ጉዳዩ፣ የሥራ ቅጥር እንዲፈጸምልኝ በትሕትና ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች ረዳትና ጧሪ የሌለኝ፣ የዕለት ጉርስ የቸገረኝ፣ ዕድሜዬ የገፋ ምስኪን በመሆኔ፣ የተከበረው መሥሪያ ቤት በርኅራኄ ዓይን ተመልክቶ..." እያለ ይቀጥላል። የኔ ልጅ፣ አለቀስኩ። ለራሴ አለቀስኩ። ይቺ ሴትዮ ማን ናት፣ ምን ሆና ነው አልኩ።

ለዘይነባ ወስጄ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ "እንግዲህ ይቺን ሴትዮ እረዳታለሁ እንጂ አልቀጥራትም" አለች። "አንሶላ ማንሳትስ ትችላለች? በየት በኩል? በረሃብ አለቀች አይደል።" ሳቄ መጣ፣ ግን ልክ ናት።

እሺ፣ ደምበል ጋ ኮፒ ቤት ገባሁ። አንዷ ልጅ፣ ጥፍሯ ይሄን ያህል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገች "እትዬ፣ ሬዲ አለ፣ ስም ብቻ ነው የሚቀየረው" አለችኝ። "ምን ይላል?" አልኳት። "በጫና ውስጥ የመሥራት አቅም ያለኝ፣ ለውጤት የምተጋ፣ ተግባቢና ተነሳሽነት ያለኝ..." አለች። "ለማን ነው የተጻፈው?" "ለማንም ይሆናል።" "እኔን ታውቂኛለሽ?" "ኧረ እትዬ፣ እሱን ማንም አያነበውም፣ ፎርማሊቲ ነው።" ታዲያ ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ "ለኔም እሷኑ አውጪልኝ" አላት። እሱ የሹፌር ሥራ ነው የሚያመለክተው። እሷኑ። ወረቀቱን ትቼላት ወጣሁ።

ማታ ላይ ደጃፌ ላይ ተቀምጠን፣ ዘይነባ "ራስሽ ተናገሪና የታክሲ ተራ አስከባሪው ልጅ በስልኩ ይተይብልሽ" አለችኝ። "ምን ልበል? ጎበዝ ነኝ ልበል? እኔ ጎበዝ ነኝ ብሎ መጻፍ አያሳፍርም? ሰው ይበለኝ እንጂ።" እሱ ነበር ችግሬ፣ ጻፊው ይሄን፣ ያንቺም ችግር እሱ ነው። ወይ እንለምናለን ወይ የሰው ቃል እንዋሳለን፣ ስለራሳችን እውነቱን መናገር ያሳፍረናል።

ያኔ ዘይነባ ተነሳች፣ "ነይ" አለችኝ፣ ጋሽ ደጀኔ ቤት ይዛኝ ገባች። ጋሽ ደጀኔ፣ ረስቼ ሳልነግርሽ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ነው፣ ግማሹን ሰፈር የዳረው እሱ ነው። "ጋሼ፣" አለችው፣ "ለአንድ ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ልጃችን ምስኪን ነው፣ የሚበላው የለውም ይላሉ እንዴ?"

"ምን ቆርጦኝ" አለ። "በሩን ይዘጉብኛላ።"

"ታዲያ ምን ይላሉ?"

"መጀመሪያ የማን ቤት እንደምሄድ አጣራለሁ። ቤቱ ምን ወዳድ ነው፣ ምን ቸግሮታል፣ እሱን ሳላውቅ አልቆምም። ከዛ የልጁን ነገር እናገራለሁ። ጎበዝ ነው አልልም፣ ጎበዝ ማንም ይላል። እናቱ ስትታመም እንዲህ አደረገ፣ ሱቁን እንዲህ አቆመ እላለሁ። አላስረዝምም። ከዛ ለመልሱ መቼ እንምጣ ብዬ ቀን አስቆርጣለሁ።"

ዘይነባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። "እና ለጥሩወርቅ ለምን ለመኑላት?"

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ። "ቀበሌ በር ላይ የለመደ እጅ ነው" አለ። ከዛ ተነስቶ ኮቱን ደረበ፣ ቤቱ ውስጥ እኮ ነው፣ ኮቱን ደርቦ ቁልፉን ቆለፈና "ጥሩዬ፣ ቤቱን አይተሽዋል?" አለኝ። "በሩን ነው ያየሁት።" "በር ቤት አይደለም። ሄደሽ እይው፣ ከዛ አብረን እንቆማለን።"

በነጋታው ሄድኩ። ሎቢው ውስጥ ማኪያቶ አዝዤ እንደ እንግዳ ቁጭ አልኩ። የጠረጴዛው ልብስ በረኪና በልቶት ጫፉ ሳስቷል። ታዲያ አንድ ሰውዬ፣ ስብሰባ የሚሄድ፣ ባጁን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ በካኒቴራ ወርዶ "ሸሚዜስ? መኪናው እየጠበቀኝ ነው" ይላል። ሪሴፕሽኗ ላውንደሪ ትደውላለች፣ ደግማ ትደውላለች። እኔ እኮ ይሄን አውቀዋለሁ። እኛ ሆቴል እያለሁ ማለዳ የሚወጣ እንግዳ ልብስ ሲመጣ ቁልፍ ማስገቢያው ላይ ቀይ ክር አስርበት ነበር። ቀይ ክር ያለው መጀመሪያ ይታጠባል፣ መጀመሪያ ካውያ ይነካዋል። የፈረንጅ ቋንቋ አያስፈልገውም፣ ማንበብም አያስፈልገውም፣ አዲስ የገባችም ልጅ ታየዋለች።

ተመልሼ ነገርኳቸው። "የጠረጴዛውን ልብስም ልጻፈው?" አልኩ። ጋሽ ደጀኔ "ኧረ እባክሽ" አለ። "ልጅ ልትጠይቂ ገብተሽ ጓዳችሁ ቆሽሿል ይባላል? ያለሽን አቅርቢ እንጂ የነሱን አትግለጪ።" እና እሱ ቆሞ እየተናገረ፣ እኔ እያረምኩት፣ ዘይነባ "ይሄ ረዘመ፣ ይሄ ጉራ ነው፣ ይሄ ልመና ነው" እያለች ስታስጥል አንድ ገጽ አልሞላም። እንዲህ ይል ነበር፤ "ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ። ሆቴላችሁ ለስብሰባ የሚመጡ እንግዶች እንደሚያርፉበት አይቻለሁ። እኔ በሠራሁበት ሆቴል ማልዶ የሚወጣ እንግዳ ልብስ በቀይ ክር እየለየሁ ከሁሉ በፊት አደርስ ነበር። አንሶላ በረኪና ሳይጎዳው ነጭ አድርጎ ማቆየት አውቃለሁ፣ ለአዲስ ልጆችም አስተምሬአለሁ። ይህን ለእናንተ ብሠራ ደስ ይለኛል። ለመልሱ ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ጥሩወርቅ።"

አትሳቂ። ማክሰኞ የምትለዋን ጋሽ ደጀኔ ነው ያስገባት፣ ቀን ያልተቆረጠበት ሽምግልና አያውቅማ። እኔም እንደዛ ነው የሚጻፈው ብዬ አመንኩ። "እንደውልልዎታለን" እንደሚባል ማን ነገረን?

ወረቀቱን ሆቴሉ በር ላይ ሰጥቼ ተመለስኩ፣ ማክሰኞ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ሪሴፕሽኗ "ተደውሎልዎት ነው?" አለችኝ። "አይ፣ ቀጠሮ ነበረኝ።" "ከማን ጋር?" "እኔ ነኝ የቀጠርኩት" አልኳት። ልጅቷ ግራ ገባት፣ ገብታ ነገረች። ታዲያ ሥራ አስኪያጇ ወጣች፣ ወጣት ናት፣ ካንቺ ብዙ አትበልጥም፣ ወረቀቱን ይዛ። "ማክሰኞ እመጣለሁ ያሉት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። ነኝ አልኳት። ሳቀች፣ ግን የሚያሳፍር ሳቅ አይደለም። "ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሁሉ ተነሳሽነት አለኝ ይላል። ተነስቶ የመጣው ግን እርስዎ ብቻ ነዎት" አለችኝ። ከዛ "ይሄን ቀይ ክር ያሳዩኝ እስቲ" አለች። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አሳየኋት። ሳምንት ሞክሪ ተባልኩ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ይኸው እስከ ዛሬ። አባትሽ አሁን ሲደውል "መቼ ነው የምትመጪው" ሳይሆን "እረፍትሽ መቼ ነው" ነው የሚለኝ።

እና አሁን ያንቺን አንብቢልኝ።

— "ለውጤት የምተጋ፣ ተግባቢና ተነሳሽነት ያለኝ..."

ይቺን ልጅማ አውቃታለሁ፣ ደምበል ነው የተዋወቅነው። የማን ቤት ነው የምትሄጂው?

— የጉዞ ወኪል ነው አክስቴ፣ እዚሁ ካዛንቺስ። ኦንላይን ነው የምልከው፣ ቢሮውን አላየሁትም።

እስክሪብቶውን አስቀምጪና ጫማሽን አድርጊ። ሳይዘጉ እንድረስ።

— እሺ፣ ይቺን ልጨርስ።

ጨርሰሻል።