በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀው ማቀያየሪያ

ትጋት ሰው ይገድላል ቢባል ማን ያምናል? የሆስፒታሉ የሬዲዮ ጥገና ሠራተኛ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ ወረቀት ከደረት ኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም፤ ስለዚህም ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ብርጭቆ» ይላቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ሲወጡ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የስልክ አንቴና ፈትሻ ከምትወርደው የእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። መሐንዲስ ከሆነች ወዲህ አላዩዋትም ነበር።

«ውይ ጋሼ! ምነው እንዲህ ከሱ?»

«ተይኝ ልጄ፤ ነገር ነው ያከሳኝ» አሉና ወደ ክፍላቸው ይዘዋት ገቡ።

ነገሩ ይህ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የአምቡላንሱ ሾፌር ከኮረብታው ማዶ ብዙ ደም የፈሰሰው የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ጭኖ መጣ። ሆስፒታሉ ግን ምንም አልተዘጋጀም፤ ደም እስኪፈለግ የሰውየው ሕይወት አለፈ። ሾፌሩ «ሦስት ጊዜ በሬዲዮ ተጣርቻለሁ» አለ። ጋሼ ብርጭቆ ደግሞ «ሬዲዮው እንከን የለበትም፤ ቢጣራ ኖሮ ይሰማ ነበር» ብለው ፈርመው ሰጡ። የሆስፒታሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሾፌሩን ሊያባርር በማግስቱ ጠዋት ይቀመጣል።

«በምን አረጋገጡ ጋሼ?» አለች ልጅቱ።

ሽማግሌው አንዲት ትንሽ ሣጥን ከፈቱ። «አንቴናችን አንድ ነው፤ ይናገርበታልም ይሰማበታልም። አንዴ ወደ መናገሪያው፣ አንዴ ወደ መስሚያው የሚያዞረው ይሄ ማቀያየሪያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፈትቼ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መስታወት አበራቸዋለሁ። ስሚ!» ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚጮኸውን ቴስተር አስነኩት፤ ጢጥ አለ። ሽማግሌው አፋቸውን ሞልተው ሳቁ።

ልጅቱ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ እነዚህ ጫፎች እኮ በወርቅ የተለበጡ ነበሩ። የፋቁት ወርቁን ነው።»

«ቴስተሩስ ታዲያ ይዋሻል?»

«የተጠየቀውን ነው የመለሰው። የቴስተሩ የባትሪ ኤሌክትሪክ በብረቱ ሆድ ውስጥ ያልፋል። የሬዲዮ ሞገድ ግን የሚሄደው በብረቱ ቆዳ ላይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ቆዳውን ገፈፉት። ጫፎቹም ተበልተው በቅጡ አይገናኙም።»

«እዚሁ ሠፈር ያሉት መኪናዎች እንዴት ጥርት ብለው ይሰሙኛል?»

«ቅርብ ናቸዋ! ከብዙ ላይ ቢጎድል አይታወቅም። ከኮረብታው ማዶ የሚመጣው ግን ድሮም ጭላጭ ነው።»

«ማጉያውን ከፍ አደርገዋለሁ።»

«ባልዲው ቀዳዳ ከሆነ ውሃው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ቤት ያለው በርሜል ቢተልቅ ምን ሊፈይድ? ማጉያው የተቀመጠው ከማቀያየሪያው በኋላ ነው። ድምፁን ሲያጎሉት መንሿሿቱም አብሮ ይጎላል።»

ደማቸው ፈላ። «ያዘልኩሽ ልጅ ዛሬ ልታስተምሪኝ!»

ልጅቱ የሞገድ መለኪያዋን በማቀያየሪያው ግራና ቀኝ አሰረችው። ከሞገዱ መቶ እጅ ገባ፤ አሥራ ስምንት ወጣ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት፤ ያው አሥራ ስምንት ነው።

«አዲስ ማቀያየሪያ የለም?»

ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ ካርቶን አወጡ። ከመጣ አራት ዓመቱ ነው፤ ማሸጊያው እንኳ አልተቀደደም።

«ምነው ሳይገጥሙት?»

«የማይፈታ ነው። ከፍቼ በእጄ ያላጸዳሁትን ዕቃ አላምንም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ሟሸሸ።

ገጠመችው። ዘጠና ስድስት ወጣ። ጋሼ ብርጭቆ አዲሱን ማቀያየሪያ በጣታቸው ነኩት።

«ይሄ ያን ቀን ተገጥሞ ቢሆን…»

«ይሰማ ነበር ጋሼ።»

ሽማግሌው ቢያንስ ለዚህ ክብር ይገባቸዋል፤ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ቆመው «ሾፌሩ ተጣርቷል፤ ጥሪውን የበላው እኔ ያበላሸሁት ዕቃ ነው» ብለው አስመዘገቡ። ሾፌሩ ነጻ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ደርሰውበት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

ሾፌሩ እጃቸውን አየ እንጂ አልጨበጠም። «አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ሰላም ተባብለናል። ያን ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት አንዴ ጠርተው ‹ተጣርተህ ነበር ወይ?› ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አለና ሄደ።

አንባቢዬ፣ የለውጡን ጥቅም ልንገርህ። የታሸገው ማቀያየሪያ አቧራ አይገባበትም፤ ፍቆ የሚያደክመው ሰው አያስፈልገውም። በየሦስት ወሩ ይለካል፣ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሲቀንስ ይለወጣል እንጂ አይፋቅም። ከኮረብታው ማዶ የሚጠራ ሁሉ ይሰማል፤ በሽተኛው ሳይደርስ ደሙ በር ላይ ይጠብቀዋል። እስካሁን ሦስት ሰዎች በዚህ ተርፈዋል። ጋሼ ብርጭቆም ብርጭቆ ወረቀታቸውን ለአናጢው ሰጥተው፣ አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ «ከመንካትህ በፊት ለካ፤ ከመፍረድህ በፊት ጠይቅ» ይላሉ።

የሾፌሩ ድምፅም በየጠዋቱ ይመጣል። ድሮ በዚያ ሁሉ መንሿሿት ውስጥ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ይል ነበር። አሁን ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል፤ የመኪናውን ቁጥርና ያለበትን ቦታ ተናግሮ ይዘጋል። ሽማግሌው ምናልባት አንድ ቃል ቢጨምር ብለው መስሚያውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ትንሽ ይቆያሉ።