ስም የሌለበት ወረቀት

ከሼቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ፣ ደብተር ታቅፎ አጠገባቸው የተቀመጠውን ተማሪ አወቁት።

«አንተ ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን መጠይቅ ያደልከው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፣ እትዬ። የመመረቂያ ጥናቴ ነው።»

«የኔን ወረቀት መልስልኝ።»

«ምነው? ስም እኮ የለበትም። የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«ፆታ ይላል፤ ሴት ብዬ ሞላሁ። የአገልግሎት ዘመን ይላል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ብዬ ጻፍኩ።»

«እሱ ለስሌቱ ነው። መምህራችን ያለሱ አይሆንም ብለውናል።»

«ልጄ፣ እኛ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ስንት ያለች ይመስልሃል?»

ሴትዮዋ መልሱን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«አለቃችሁ ሠራተኛውን በእኩል ያያል ወይ ለሚለው፣ ‹በጭራሽ› የሚለውን ነው ያከበብኩት።»

«አይስጉ፣ እትዬ። እኔ የሁሉንም መልስ ደምሬ ቁጥሩን ብቻ ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያው የኔን አውጣና ስጠኝ።»

«አሁን እኔ ጋ የለም።»

«ማን ጋ ነው?»

«ሥራ አስኪያጁ ስንት ሰው እንደሞላ ልይ ብለው ትናንት ተቀበሉኝ። ነገ ሄጄ እንድወስድ ነግረውኛል።»

«ሁሉንም ሰጠሃቸው?»

«ሁሉንም።»

«ነገ ጠዋት እኮ በር ላይ ቆመው የሚያስፈርሙን አለቃችን እሳቸው ናቸው።»

እኔም ባለፈው ወር የሞላሁት ስም የሌለበት መጠይቅ ትዝ ብሎኝ፣ ከቢሯችን ሰዎች መካከል በዕድሜም በአገልግሎትም እኔን የሚመስል አንድ ሰው በልቤ ስፈልግ ሲቀላ ደረስን።