ምልክቱ ያልደረሰላት ሕፃን

ወጣቱ መጋቢ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ወደተያያዘው የአናጢው መሥሪያ ጎራ ያለው የመስኮት ክፈፍ ሊያሠራ ነበር። ሐዘን መኖሩን አልሰማም። ሽማግሌው ግን አንዲት ክንድ የማትሞላ ሣጥን እየላጉ አገኛቸው።

"የልጄ ልጅ ናት" አሉት ቀና ሳይሉ። "ትናንት ተወልዳ ትናንት ሄደች።"

መጋቢው አጽናንቶ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቀ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጸሎት ግን የለም፤ ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን በዝምታ ነው የሚቀበረው፤ አባቶች ያቆዩት ይህን ነው አሉት። የአናጢው ልጅ የሆነችው እናቲቱ ጓዳ ተኝታ "ይጸለይላታል ወይ?" እያለች አባቷን ትጠይቃለች። እንጨቱን እንደ ልባቸው የሚያዝዙት ሰው በልማድ ነገር ንቅንቅ አይሉም ነበር።

ሁለቱም በሚያገለግሉባት፣ ሕፃናትን በምታጠምቅ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ልማድ ዕድሜ ልካቸውን የተቃወሙ አንድ ሰው ነበሩ፤ ወጣቱን ያስተማሩትና ባለፈው ዓመት ያረፉት አሮጌው መጋቢ። የሥነ መለኮት ሊቅ ነበሩ፤ ሆኖም ከመጻሕፍታቸው ይልቅ ሐዘንተኛ ቤት ይገኙ ነበር። የአናጢውም የልብ ወዳጅ ነበሩ። የራሳቸው ልጅ ሳይጠመቅ ሞቶ በመቃብሩ ላይ ሲጸልዩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት አናጢ ባርኔጣቸውን ደፍተው ጥለዋቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ።

"መምህሬ ስለዚህ ምን ይሉ እንደነበር ያስታውሳሉ፣ አባባ?"

"እንዴት እረሳለሁ? ሊቅ ነኝ ብሎ ሕግ ያፈርሳል አልኩ።"

"አላፈረሱም። ጥምቀት የኪዳኑ ምልክት ነው፤ ልጁን የራሱ የሚያደርገው ግን እግዚአብሔር ነው ይሉን ነበር። ምሳሌያቸውም የእርስዎ ሥራ ነበር።"

"የኔ?"

"የጨረሱትን ዕቃ ሁሉ ከሥሩ በጋለ ብረት ምልክት ያደርጉበታል። ምልክቱ ሳይደርስለት የተሰበረ ወንበር ቢኖር፣ የኔ ሥራ አይደለም ይላሉ?"

ሽማግሌው መላጊያቸውን አስቀመጡ። "ወንበርና ነፍስ አንድ ነው እንዴ?"

"አይደለም። እርስዎ ለእንጨት እንዲህ ከሳሱ፣ እግዚአብሔር በልጅ ላይ እንዴት ይጨክናል?"

አናጢው ወዳጃቸው ይህን ለምን እንዳልነገሯቸው ጠየቁ።

"ሊነግሩዎት ደጋግመው መጥተው ነበር። እርስዎ ግን ሥራ በዝቶብኛል እያሉ መለሷቸው።"

ሽማግሌው ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሲነሡ ብረቱን አጋሉና ለሬሳ ሣጥን አድርገውት የማያውቁትን ምልክት ከሣጥኗ ሥር አተሙ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ።

"ይጸለይላታል፣ ልጄ" አሏት። "የምጸልይላትም እኔው ነኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሕፃን በዝምታ አልተቀበረም፤ ያንን ጥያቄ የምትጠይቅ እናትም የለችም። አባቶችም ከሕፃናቱ መቃብር አይሸሹም። ልማድ ቢታረም የሞተ አይመልስም፤ የቀረውን ሰው ግን ሐዘኑን ብቻውን ከመሸከም ያድነዋል።

አናጢው ከቀብሩ በኋላ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። አሮጌው መጋቢ ከልጃቸው ጎን ወደተኙበት ሄደው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ያኔ ጥለውት የሄዱትንም ጸሎት እስከ መጨረሻው ጸለዩ። አሜን የሚላቸው ወዳጅ ግን አልነበረም።