በስጦታ የመጣው ሙሉ ልብስ

ጋሽ ብርሃነመስቀል የሐበሻው ማኅበር ሊቀመንበር ከሆኑ ወዲህ የስደት ከተማቸው ፌርፋክስ ላይ ሰላም ሳይላቸው የሚያልፍ የለም። ያን ቅዳሜ አዲስ ሙሉ ልብስ በክንዳቸው አንጠልጥለው ወደ ስብሰባ ሲያዘግሙ፣ ኑኃሚን መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትወርድ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ደስ አላቸው፤ አባቷ ኪዳነማርያም «ልጄን ምከርልኝ፤ መሄድ አለመሄዷን ያንተን ቃል ሰምቼ እወስናለሁ» ብሎ አደራ ጥሎባቸው ነበር።

«ልጄ፣ ሕግ ትማራለች ስንል ኢንዶኔዥኛ ምን ያደርግልሻል? ጭራሽ አንድ ዓመት ጃካርታ ልትቀመጪ ነው አሉ።»

«ጋሼ፣ አሁን እኮ አድቫንስድ ክላስ ነኝ። በቋንቋው የምናጠናው ሙስናን ነው። ጋዜጣቸውን እናነባለን፣ ዲቤት እናደርጋለን።» እዚህ ስላደገች አንቱታው ባይሆንላትም አክብሮቷ ሙሉ ነው።

«ለሙስና ባሕር መሻገር ምን አመጣው? እኛ ጋ ሞልቶ የለ?» አሉ፤ በአነጋገራቸው ራሳቸው ረክተው ሳቁ።

«እሱን እኮ ነው የምልህ። እዚህ የምንማረው ‹ስጦታ አትቀበል› ብሎ ይዘጋዋል። እነሱ ግን እንደኛ ናቸው፤ የሰው ስጦታ መመለስ ነውር ነው። ሶ፣ ሕጋቸው ባለሥልጣኑን ‹መመለስ ካቃተህ ተቀበል፤ ግን ማን እንደሰጠህ ለፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ተናገር› ይለዋል። የሰርግ ስጦታ እንኳን አይቀርም። ያንተ ይሁን የመንግሥት፣ ኮሚሽኑ ይወስናል። ይሄን ያነበብኩ ቀን ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ። ለኛ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። ሄጄ ሲሠራ ማየት አለብኝ።» ከዚያም ልብሱን ዳሰስ አድርጋ «ያምራል፤ ከየት ነው?» አለች።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ልብሱን ወደ ሌላኛው ክንዳቸው አዛወሩት። ልብሱን የሰጣቸው ኮንትራክተሩ ወርቁ ነው፤ የማኅበሩን አዳራሽ ለማደስ የተጫረተው ወርቁ። ጨረታው የሚወሰነው ደግሞ ዛሬ ነው። ወርቁ ደግ ሰው ነው፣ እምቢ ቢሉት ይቀየማል፣ እሳቸውም ሌባ አይደሉም፤ ይህን ሁሉ ከራሳቸው ጋር ተከራክረው ረትተው ነበር። አሁን ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሳ።

«ለመሆኑ፣ በዚህ ሕግ ሌብነቱ ጠፋላቸው?»

«አልጠፋም ጋሼ። ግን የሚደብቀው ከማይደብቀው ይለያል።»

ስብሰባው ላይ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጋሽ ብርሃነመስቀል ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ይህን የሰጠኝ ወርቁ ነው። መመለሱ ነውር ሆነብኝ፤ መደበቁ ግን ይብሳል። ማኅበሩ ይወስንበት። እኔ በጨረታው ድምፅ አልሰጥም።»

ገንዘብ ያዧ እትዬ ምንትዋብ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔም ጋ ቦርሳ መጥቷል» አሉ።

ያን ጊዜ የታፈነው ሳቅ ፈነዳ፤ ከተጫራቾቹ ጋር የተቀመጠው ወርቁም አብሮ ሳቀ። ስጦታ ለአባላት እንዲነገር፣ የተጫራቾችም ዋጋ በሁሉም ፊት እንዲከፈት ተወሰነ። ለዓመታት በየጓዳው ሲታማ የኖረው ማኅበር በአንድ ከሰዓት ሐሜቱ ቀለለለት፤ ወርቁም ቢያሸንፍ በሥራው፣ ቢሸነፍም በዋጋው ይሆናል።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ደጅ ወጥተው ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው የወጣት ድምፅ ሆኗል።

«ኪዳነማርያም፣ ልጅህ ትሂድ። ግን አደራ፣ ትመለስ፤ እዚህ ብዙ ሥራ አለን።»