የጋሽ ሰይድ ምራቂ

ከውጭ የመጡ ባለሀብቶች እዚህ አሜሪካ፣ ክላርክስተን ላይ ትልቅ ግሮሰሪ ከፍተው ሐላል ሥጋ በርካሽ ይሸጡ ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ደንበኛ የነበርኩበት የጋሽ ሰይድ ሥጋ ቤት ተዘጋ።

ባለፈው ፓርክ አድርጌ ግሮሰሪው ገባሁና ሥጋው ጋ ስደርስ፣ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ራሳቸውን ጋሽ ሰይድን! ፀጉራቸውን በመረብ ሸፍነው፣ ተቀጥረው ሥጋ ይመዝናሉ። እንደ ድሮው ሁለት ፓውንድ አዘዝኳቸው። መዝነው ሲያበቁ አንድ ቁራጭ ምራቂ ጣል አደረጉልኝ፤ ወዲያው ቀና ብለው ካሜራውን አዩና መልሰው አነሱት። «ይቅርታ ልጄ፣ እጄ ለምዶ ነው» አሉኝ።

«ሱቅዎ ሲዘጋ እንዴት እንዳዘንኩ!» አልኳቸው።

«እዚህ መግዛት ከጀመርሽ ቆየሽ?» አሉኝ ሥጋውን እያሸጉ። ከተከፈተ ጀምሮ ነው ማለት አቅቶኝ ቦርሳዬን መበርበር ጀመርኩ።

«ስትጠፊብኝ እኮ፣ ታማ ይሆናል ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ነበር።»