የወለተጊዮርጊስ አሥራ ሁለት ሽንኩርት

ሄሎ!... ሄሎ፣ አቤት!... አዎ፣ ጋምቤላ ነው፣ የሳኒ ሱቅ። ማን ልበል?... ከአቦቦ? አገናኘኝ፣ ታደሰ፣ አገናኘኝ፣ እዚሁ ነኝ።

... ቤርሳቤ! አንቺ ነሽ?... ከይሪያ ነኝ እንጂ ማን ልሆን ነው! ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰላምታውን ተዪውና አባትሽ በላ?

... አልበላም?

... እንዴት አልበላም? ማክሰኞ የነገርኩሽን... ሄሎ? ሄሎ!... ትሰሚኛለሽ?... ክልል ሆነናል ይላሉ፣ ስልኩ ግን ያው የድሮው ቆርቆሮ ነው! አሁንስ?... እሺ። ማክሰኞ በዚሁ ስልክ የነገርኩሽን የዓሣ ወጥ ሠራሽ ወይስ አልሠራሽም?

... ሠራሁ ትላለች። እስቲ እንዴት አድርገሽ?

... እ... እሺ... ስንት ሽንኩርት?

... አሥራ ሁለት! ያ ረቢ! ማነው አሥራ ሁለት ያለሽ? ማክሰኞ ሽንኩርት የሚባል ነገር ከአፌ ወጥቷል?... ኧረ አልወጣም! ያለፈው ሳምንት የምስሩን ነገርኩሽ፣ ውሃ አፍልተሽ ጨምሪው አልኩሽ፣ አምስት ሽንኩርት ከተትሽበት። የእንቁላሉን ነገርኩሽ፣ እሱንም እንደ ዶሮ ወጥ ግማሽ ቀን አንገላታሽው። ቀላል ነገር እየነገርኩሽ ለምን ታከብጂዋለሽ?

— ሳኒ፣ ሰውዬው ሳሙና ነው የሚጠይቅህ። አንተ ስጠው፣ እኔ እኮ ስልክ ላይ ነኝ። —

... አይ፣ ላንቺ አይደለም፣ ለሳኒ ነው። ቀጥዪ... ሦስት ሰዓት ሙሉ አቁላላሽ... ዓይንሽ አበጠ... አባትሽስ ምን አለ?

... አንዴ ቀመሰና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ኪኒኑንስ?... በባዶ ሆዱ ዋጠና አስመለሰው። ታዲያ ወባው እንዴት ይለቀዋል? ግንድ የሚያህል ሰውዬ እኮ ነበር!... ቀበቶውን ሌላ ቀዳዳ በሳሽለት?... አይ ጋሽ ባንተአምላክ። የሚስቱ አርባ ከወጣ ወር አልሞላው፣ ደሞ እሱን ልንቀብር ነው?

... አታልቅሺ።... አታልቅሺ አልኩሽ፣ በዚህ ስልክ ለቅሶ አይሰማም፣ ሽሽሽ ብቻ ነው የሚለኝ።

... ምን ልላክ?

... ሽንኩርት?!

... ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ በአቦቦ መኪና። ይሄን ልትነግሪኝ ነው የደወልሽው!... አልልክም።... አልልክም ብያለሁ! አለ፣ ሱቁ ሞልቶ ነው፣ ላንቺ ግን አንድ ራስ አልሰጥም!

— ሱቅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሳኒ! አንተ ሳሙናህን ሽጥ! —

ስሚኝ፣ ቤርሳቤ።... ሽንኩርቱ አንሶ አይደለም!... እሳቱም በዝቶ አይደለም!... «እማዬ አሥራ ሁለት ነበር የምትከትፈው።» ማን ነገረሽ?... አባባ። አዎ፣ አባትሽ በየዕድሩ እንደሚያወራው አውቃለሁ። «የወለተጊዮርጊስ ወጥ አሥራ ሁለት ሽንኩርት ነው የሚጠጣው።» ሰምቻለሁ፣ አቦቦም ሰምቷል፣ ጎግም ሰምቷል። አንቺ ራስሽ ግን ስትከትፍ አይተሻት ታውቂያለሽ?... ትምህርት ቤት ነበርሽ። ሁልጊዜ?... እሺ። ትምህርት ቤት ነበርሽ።

... ምንም። ምንም አላልኩም፣ አስሎኝ ነው።

የላክሁልሽ ለውዝስ የት ደረሰ? በፌስታል የላክሁልሽ፣ የተወቀጠው?... መደርደሪያ ላይ! ወይኔ ጉልበቴ! ቆልቼ፣ ፈትጌ፣ ወቅጬ... ምን አልሽ?... «ለውዝ ለወጥ አይሆንም።» ማነው ያለው? የኛ የደጋ ሰው እኮ ሽንኩርት ካላረረ የበላ አይመስለውም!

እንደገና ልንገርሽ፣ ጆሮሽን ክፈቺ።... እስክሪብቶ አያስፈልግሽም፣ ይሄ የሚጻፍ ነገር እንኳ አይደለም። ከአልዌሮ ወንዝ ዓሣ ይዘው ከሚመጡት ሴቶች አንድ ዓሣ ትገዣለሽ። ታጥቢያለሽ፣ ትቆራርጫለሽ። አራት ቲማቲም በእጅሽ ድስቱ ውስጥ ትጨፈልቂያለሽ። ውሃ፣ ጨው፣ ለቀለሙ አንድ ማንኪያ በርበሬ። ሲንተከተክ ዓሣውን ትጨምሪያለሽ። በላዩ ለውዙን ሁለት ጭብጥ ትበትኚበታለሽ። ትከድኚዋለሽ፣ እሳቱን ትቀንሻለሽ። ከዚያ ትተኛለሽ።

... ትተኛለሽ። አዎ፣ መተኛት ነው ያልኩሽ!... ማማሰል የለም... ቅቤም የለም... ኮረሪማ ምን ሊያደርግ? ኧረ እጅሽን ሰብስቢ!

... «ለአባቴ ይሄን የስንፍና ወጥ አላቀርብም»? ስንፍና? ስንፍና አልሽው?

... ይሁን። ዋጥኩት። ሰኞስ? ፈቃድሽ እሑድ ያልቃል፣ ሰኞ ቢሮ መግባት አለብሽ አይደል?... ምን?... ምን አልሽ? ትቼዋለሁ?!

ቤርሳቤ! ያን ሁሉ ሰው በፈተና አልፈሽ ያገኘሽውን ሥራ! ክልሉ አዲስ ቢሮ ከፈተ፣ ታይፒስት ሆንሽ፣ እናትሽ በገበያው መሀል እልል አለች። ይሄን ለሽንኩርት ልትተዪው ነው? አቦቦ ቁጭ ብለሽ ስታቁላዪ ልትኖሪ?... አባትሽን ጥለሽ ነይ አላልኩም!... እናትሽ ይሄን ብትሰማ... አንቺ፣ እናትሽ በምን እንዳስተማረችሽ ታውቂያለሽ? በሽንኩርት ነው! በዚያው በሽንኩርት!

... ወይ ጉድ። አመለጠኝ።

... ምንም አላልኩም።... ተዪኝ፣ ቤርሳቤ።... አልችልማ! ምያለሁ። እኔን እስላሟን በማርያም አስምላኛለች፣ እኔ ደግሞ ከራሴ ወላሂ ጨምሬላታለሁ። በሁለት በኩል ነው የታሰርኩት።

... እሱ ነው ጥያቄው። ብናገር እሷን ከዳሁ፣ ዝም ብል እሱ በራብ ሊሞት ነው። አንቺም ሥራሽን ልታጪ ነው።

... አባትሽ አሁን የት ነው?... ክሊኒክ ወስደሽው እየተመለሳችሁ... ስልክ ቤቱ በር ላይ፣ አግዳሚው ላይ? እንግዲያው ቀስ ብለሽ አውሪ። የምልሽን እየደገምሽ አትጩሂ። ገባሽ? ማሪኝ ወለቴ። አላህም ይማረኝ።

እናትሽ አሥራ ሁለት ሽንኩርት ከትፋ አታውቅም። አንድም!... አዎ፣ አንድም። አባትሽ የሚገዛውን ሽንኩርት በዘንቢል ደብቃ እዚህ ታመጣዋለች፣ እኔ ሱቁ ላይ አወጣዋለሁ፣ እሷ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ትመለሳለች። ያንቺን ደብተር!... ወጡማ ይሄው ነው፣ የስንፍና ያልሽው... ከአሪያት ነዋ! አሪያትን አታውቂያትም? አኙዋኳ ጓደኛችን፣ ዓሣ የምትሸጠው፣ ረጅሟ። ለለቅሶው አብረን መጥተን አልነበር?

የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። እዚሁ ጓሮዬ ውስጥ አሪያት ዓሣ ስትጥድ እናትሽ አየቻት። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለቻት። አሪያት ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ወጥ ነው እንጂ ልጅ አይደለም! ለምን ዘጠኝ ወር ትጠብቂያለሽ?» እናትሽ መሬት ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። ለውዙን አሪያት አመጣች፣ በርበሬውን እኔ አልኩ፣ «ቀልቶ ወፈር ካለ አይነቃብኝም» ያለችው ራሷ ናት። ሦስታችን ሆነን ነው ያበጀነው።

... እንዴት አትደብቀው? ከንጋት ጀምራ በቆሎ ስትኮተኩት ውላ፣ ወባ እያንቀጠቀጣት፣ ማታ ደግሞ ቆማ ታቁላላ? ሰው አይደለችም? አባትሽ ደግሞ «ዓሣው ይሁን፣ የዚህን አገር አሠራር ግን እኔ ወሎዬው በአፌ አላዞርም» ባይ ነበር። ስምንት ዓመት አዞረው! ጣቱን እየላሰ አዞረው!

... አትጩሂ!... አትጩሂ አልኩሽ እኮ! «እማዬ ከአሪያት ነው የተማረችው?» ብለሽ በሙሉ ድምፅሽ! አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ደንቆሮ ነው እንዴ?

... ሄሎ?... ቤርሳቤ?... ሄሎ፣ ማን ወሰደው ስልኩን?... ታደሰ፣ እንዳትቆርጠው! ሌላ ሦስት ደቂቃ ጨምርላት፣ የሰው ነፍስ ነው! ሄሎ?

... ጋሼ።

... ጋሽ ባንተአምላክ... እንደምን አሉ?... አዎ፣ ከይሪያ ነኝ።... ሰሙን?... ሁሉንም?... ጋሼ፣ በአላህ፣ ወለቴን እንዳይቀየሟት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ... ምን አሉኝ?

... ያውቁ ነበር?

... ከመቼ ጀምሮ?

... እዚህ ከመጣችሁ በሦስተኛው ዓመት... ወባ ይዞዎት ከማሳው በጊዜ ተመለሱ... እሺ... ድስቱ ተጥዷል፣ እሷ አጠገቡ ተኝታለች። ሽንኩርቱ በዘንቢሉ ውስጥ እንዳለ ነው።... እርስዎስ ምን አደረጉ?... ወደ ማሳው ተመለሱ? እያንቀጠቀጠዎት?... እንዳትነቃ።

... ሲመሽ መጡና በሉ። «ሽንኩርቱ እንዴት ሟምቷል!» አሏት።

... እሷስ?... «ከጠዋት ጀምሬ ነው» አለችዎት።

... አላለቀስኩም። ጉንፋን ነው።

— ተወኝ ሳኒ፣ ምንም አልሆንኩም። —

... አለሁ፣ ጋሼ፣ አለሁ። ግን ካወቁ... ይህን ሁሉ ዓመት ካወቁ ለምን ለልጅቱ አይነግሯትም? ቀላሉን ሥሪልኝ አይሏትም?... ምን?... «የሚስቴን ገመና ለልጄ ላወጣ?»

ወይ አላህ። ወይ አላህ! እርስዎ አፍዎን ዘግተው፣ እኔ አፌን ዘግቼ፣ መሀል ላይ ይቺ ልጅ ዓይኗ ሊጠፋ! ለወጥ! እርስዎም በራብ ሊሞቱ፣ ለወጥ!... ይቅርታ፣ ጮህኩብዎት።... አይ፣ እንደውም ይቅርታ አልጠይቅም። ሊጮህብዎት ይገባል፣ እሷ ብትኖር ከኔ ብሳ ትጮህብዎት ነበር። ዛሬ ይበላሉ?... «እሞክራለሁ» አይበሉኝ፣ ይበላሉ ወይ?... «በማርያም» ይበሉ። እኔ ስምንት ዓመት በማርያም ተይዤ ኖሬያለሁ፣ አሁን ተራው የእርስዎ ነው።... እሺ። እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

... ሌላ ደግሞ፣ ሰኞ ልጅቱን ይላኩልኝ። ሥራዋን ታጣለች።... ማን ይሠራልዎታል? እርስዎ ነዎታ! እጅ የለዎትም?... ወንድ ድስት አይጥድም? ማን ያየዎታል፣ በሩን ይዝጉ! ይህን ሁሉ ዓመት ሚስጥር የያዘ ሰው ይሄ ያቅተዋል? ዓሣ ማጠብ ነው፣ ቲማቲም መጨፍለቅ ነው፣ ግማሹ እንቅልፍ ነው።... ሳቁ! ወላሂ ሳቁ፣ ሰማሁዎት! በሉ ለልጅቱ ይስጡልኝ።

... ቤርሳቤ። አሁን አልቅሺ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ግን እየሄድሽ አልቅሺ፣ የዓሣ ሴቶቹ ሳይበተኑ።... የቀረሽ ሽንኩርት ካለ ለጎረቤት ስጪ!... ኧረ ለውዙ አልተበላሸም፣ መደርደሪያ ላይ ምን ያበላሸዋል?... ሁለት ጭብጥ። ማማሰል የለም። ስሚኝ፣ አንድ የረሳሁት ነገር አለ።... ቅመም አይደለም! አባትሽ ሲበላ «ልጄ፣ ሽንኩርቱ እንዴት ሟምቷል!» ይልሻል።... ይልሻል፣ እኔ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እንዳትስቂ፣ እንዳታለቅሺም። «ከጠዋት ጀምሬ ነው፣ አባባ» በዪው።... አዎ። እናትሽ እንደዚያ ነበር የምትለው። ሰኞ ደግሞ በጠዋት... ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?... ታደሰ!... ቤርሳቤ?

... ቆረጠው። ቆርቆሮ!

— ምን አልከኝ ሳኒ?... ምሳ? እየበሰለልህ ነው፣ ምን ያስቸኩልሃል? ከጠዋት ጀምሬ ነው።